የጓሮው ዕቃ ቤት

የሟቹ ወንድም የሻይ ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። "እገድለዋለሁ! ወንድሜን አፈር አልብሼ ያ ተቆጣጣሪ በሰላም ወጥቶ ሊገባ?"

"ኧረ ተው፣ በሐዘን ቤት!" አለች አንዲት ጎረቤት። ሌሎቹ ለቀስተኞች ግን በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቷል፤ ሟቹን በያጅ የገደለው የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው። የሟቹ ሚስት ከአማቷ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስባሪውን ታያለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ለጓሮ ዕቃ ቤት ፈቃድም ግብርም የሚጠይቀው ግድግዳ ካለው ወይም በአራት ምሰሶ ከቆመ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጣሪያውን መሀል ላይ በተተከለ አንድ ምሰሶ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዙሪያውን ክፍት ይተወዋል። በያጁም እንዲሁ ሠራ። እጁ ወርቅ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ያው እጅ ግን ቤት ሲገባ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ዕቃ ቤቱን ዙሪያውን በቆርቆሮ ዘጋው፤ መቀርቀሪያውን ከውጭ በየደው። ሸሚዜ በደንብ አልተተኮሰም ብሎ ሚስቱን በጥፊ አጮላት፣ በፀጉሯ ጎትቶ እዚያ ወርውሮ ቆለፈባት። ከዚያ በኋላም ደጋገመው፤ አንድ ጠዋት ሲለቃት በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ስለ ዱላው ብትናገር አስታርቀው እንደሚመልሷት ታውቃለች፤ ስለ ግድግዳ ግን የሚሰማ መሥሪያ ቤት አለ። "ባሌ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ገጥሟል፤ አስፈርሱልኝ" አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ተቆጣጣሪው መጥቶ በትሕትና "ቆርቆሮውን ብቻ ንቀለው፤ ሌላው ይቆይልህ" አለው። በያጁ ደሙ ፈላ። "በሠራሁት ነገር አንተ አታዘኝም! እኔው አፈርሰዋለሁ!" ብሎ ትልቁን መዶሻ አነሳ። ቆርቆሮውን ቀጠቀጠ፣ በሩን ገነጠለ፣ ንዴቱ አልበርድ ሲለው ምሰሶውን መታ። ደግሞ መታ። ጣሪያው ከነብረቱ አናቱ ላይ ወረደ። ሚስቱ ቆማ አየች፤ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ከዚያ ጮኸች፤ ጩኸቱም የእውነት ነበር።

አሁን የሐዘን ቤቱ በር ተንኳኳ። ተቆጣጣሪው ኮፍያውን በእጁ ይዞ "እግዜር ያጥናችሁ" ከማለቱ የሟቹ ወንድም የብረት ዘንግ ይዞ ዘለለ። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን አገኘው፤ ሰውየው ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ዘንጉ እንደገና ተነሳ፤ አሁን ያነጣጠረው ጭንቅላቱን ነው።

ሚስትየዋ ብድግ አለች። ዝም ካለች ይህ ሰው መሞቱ ነው፤ ከተናገረች ደግሞ በዚህ ቤት አለቀላት።

"እኔ ነኝ የጠቆምኩት! እሱን ተወው፣ እኔን ምታኝ!"

ዘንጉ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልሽ?"

"ዕቃ ቤቱ ውስጥ ይቆልፍብኝ ነበር። ሌሊት ድምፅ ስትሰሙ ድመት ገብታ ነው ሲላችሁ አልነበር? እኔ ነኝ ስጮህ የነበርኩት።"

ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ። የሟቹ ወንድም ዘንጉን ለቀቀው።

አማቷ ተነስተው መጡና ባለ በሌለ ኃይላቸው በጥፊ አጮሏት። "ልጄን!" አሉ። እሷ አልሸሸችም፤ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። አሮጊቷ እጃቸውን አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት።

"ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም ነበር?"

ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ያዙና፣ እንባቸው እየወረደ፣ የቀላውን ጉንጯን ወድቆ እንደተነሳ ሕፃን እፍ እፍ አሉላት።