ሁለት ሰው ያበጃት መኪና

ሰዓት ሠሪው ዓምሃ አዲሱ ገበያ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በሯ አንድ ሰው ብቻ የምታስገባ ሱቅ ነበረችው። በ1979 ዓ.ም. የካቲት ላይ ሙሉእመቤት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ ገባች።

ሙሉእመቤት የቁስቋም ሰፈር ልጅ ናት፤ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዓምሃ የእጅ ሰዓቷን ሦስት ጊዜ ጠግኖላታል። በሦስተኛው ጊዜ ሰዓቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ይህን እሱም እሷም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ዓምሃ ማንን ሽማግሌ እንደሚልክ ሲያስብ ነው የከረመው።

ጋዜጣውን ስትፈታው አንዲት ቀይ መኪና ወጣች፤ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ከሩቅ የምትነዳ፣ መርከበኛ ወንድሟ ከጃፓን ያመጣላት።

"አንተ ካላየሃት ማን ያያታል?" አለችው። "ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን ላቀርባት ነበር። ሞተሯ ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ አትልም።"

ዓምሃ ክዳኗን ከፈተ። ሠሪዎች በአጭሩ ጥርስ የሚሉት ባለ ጥርስ መዘውር፣ የሞተሩ ትንሹ ከትልቁ ጋር ተናንቋል። የሞተሩን ብሎኖች አላላ፣ ከጋዜጣው ጠርዝ ቀጭን ወረቀት ቀዶ በጥርሶቹ መሃል አስገባ፣ ሞተሩን ገፍቶ አጠበቀና ወረቀቱን ሳበው።

"የወረቀት ያህል ክፍተት ይበቃቸዋል" አላት። "ከጠበበ ይተናነቃሉ፤ ከሰፋ ይበላላሉ።"

መኪናዋ ባንኮኒው ላይ ስትፈተለክ ሙሉእመቤት እንደ ተማሪ አጨበጨበች። ዓምሃ ያን ቀን ምሳ አላሰኘውም።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። "የቁስቋም ዳገት ላይ እየነጠረች ተገለባበጠችብኝ" አለችው። "ግን ቦጋለ አስተካከለልኝ።"

"ቦጋለ ማነው?"

"ዊንጌት ጋራዥ ያለው። የጎረቤታችንን ላንድሮቨር ሊሠራ መጥቶ አየኝ። ንጥረቷን የሚያበርደውን የአሞርዛተሯን ዘይት ቀየረ፣ የፊቱን ሞላ አላላው። አሁን ድንጋይ ስትዘል እንደ ድመት ነው የምታርፈው! አንተ ደግሞ ጥርሱን አንድ ጊዜ እይልኝ። ቅዳሜ የሳይንስ ቀኑ ነው፤ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ።"

መኪናዋን ትታለት ሄደች። "ሁለታችሁም" ያለችው ግን ከዓምሃ ጆሮ አልወጣ አለ።

የጥርሱን ነገር ረስቶ የቦጋለን ሥራ መመርመር ጀመረ። ጉድለት ቢያገኝበት ይቀለው ነበር። አጣ። ሞላውን በጣቱ ሲጫነው ለስለስ ብሎ ይወርዳል፣ ሳይንቀጠቀጥ ይመለሳል። ቦጋለ አሞርዛተሩን ያሰረበትን ሽቦ ጫፍ እንኳ ወደ ውስጥ አጥፎታል፤ እጇን እንዳይቧጭራት። ዓምሃን ከሁሉም ያንገበገበው ይኼ ነው። የዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ለደንበኛ የሚደረግ አይደለም።

ካቻቢቴውን አነሳ። ሞላውን ፈትቶ ከሥሩ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ጨመረና አልላወስ እስኪል ድረስ አጨቀው። ከተገለበጠች የሚታማው ቦጋለ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ መልሶ ክዳኑን ገጠመ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። ዓምሃ ቦጋለን በግራሶ የተለወሰ ወፍራም ሰውዬ አድርጎ ነበር የሳለው፤ ያገኘው ግን ኮቱን የተኮሰ፣ ዓይነ አፋር ቀጭን ሰው ነው። "ሙሉ፣ ቀስ ብለሽ ጀምሪ" ሲላት ዓምሃ ሰማ። ሙሉ ይላታል። እሱ ስሟን አሳጥሮ ጠርቶ አያውቅም።

መኪናዋ ለመዝለያ የተጋደመውን ዘመም ያለ ጣውላ ወጣች፣ ዘለለች፣ መሬቱን ስትመታ እንደ ድንጋይ ነጠረችና በጀርባዋ ወደቀች። ከውስጧ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ትልቁ ጥርስ ተሰብሯል። ተማሪዎቹ በሳቅ አውካኩ፤ ሙሉእመቤት መቆጣጠሪያውን እንደያዘች ፊቷ ቀላ።

ቦጋለ ተንበርክኮ ሞላውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ቀለበቶቹን አየ። ቀና ብሎ ዓምሃን ተመለከተው።

"የኔ ስህተት ነው፤ ሞላው ላይ ተሳስቻለሁ" አላት።

ዓምሃ ይህን መሸከም አልቻለም። ስድብ ቢሆን በቻለው።

"እኔ ነኝ ያጠበቅኩት" አለ።

"ለምን?" አለች ሙሉእመቤት።

"እሱ የሠራው ጥሩ ስለነበረ።"

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለችና ወደ ተማሪዎቿ ዞረች። አንቱ ያለችው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያም በኋላ አንተ ብላው አታውቅም።

ዓምሃ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነሐስ ቆርጦ አዲስ ጥርስ በሞረድ አወጣላት፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ሊወስደው የመጣው ቦጋለ ነው። ጥርሱን በብርሃን ላይ አዙሮ አዙሮ አየው።

"ቀለበቶቹን ያየህ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?" ሲል ዓምሃ ጠየቀው።

ቦጋለ አቀረቀረ። "መጀመሪያ መኪናዋን ስከፍት አንተ ያስተካከልከውን ጥርስ አየሁት። አዲሱ ገበያ ያለው ዓምሃ ነው የሠራው፣ እጁ ወርቅ ነው እያለች ስታወራልኝ እኔም ላበላሸው እጄን ዘርግቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተውከው?"

"እንዴት እንደሚበላሽ አላወቅኩበትማ!"

ዓምሃ ሳያስበው ሳቀ፤ ቦጋለም ሳቀ። ሲሄድ ግን ዓምሃ በሩ ላይ ቆሞ ከዓይኑ እስኪሰወር አየው፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና ሳቁ ፊቱ ላይ ብዙ አልቆየም።

በዓመቱ ጥር ላይ ሙሉእመቤትና ቦጋለ ተጋቡ። ዓምሃ ተጠርቶ ሄደ፤ ከዳሱ ጥግ ተቀምጦ ከሰው ጋር በላ፣ ጠጣ፣ ተጫወተ። እልልታው ቀልጦ ሙሽሮቹ ሲገቡ ግን ጎንበስ አለና ያልተፈታ የጫማ ክሩን ሲያስር ቆየ።