ከበዓሉ የተረፈው ሣር

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ላይ በመካነ ሰላም ሲከበር እኔ የሜዳው ጠራጊ ነበርኩ። ከደሴ የኪነት ቡድን መጣ፤ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ ሲዘፈንና ሲጨፈር ሰነበተ። ሜዳው እንዲጎዘጎዝም ከየገበሬ ማኅበሩ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሸክም ሣር እንዲያመጣ ታዘዘ። እንግዳ አቧራ አይረግጥም ተባለ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከድቶን ነበር። ሣር የቀረው ገደሉ ሥር ካለው ረግረግ ብቻ ነው። ወንድሜ አሻግሬም ከዚያ አጭዶ፣ በገዛ በሬው ፊት ተሸክሞ አልፎ አመጣው። በሬው አንገቱን አስግጎ ተከተለኝ ሲለኝ፣ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብዬ ሳቅሁበት። ያን ሰሞን በሁሉም ነገር እስቅ ነበር፤ ማልቀሱ ነው የጠፋኝ። ልቤ እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ ትረግጭበታለሽ እንጂ መሬቱ አይሰማሽም።

ጭፈራው ሲያበቃ ሰዉ ትራፊው ላይ ወረደበት። እንጨቱ ለማገዶ፣ ጣሳው ለመስፈሪያ፣ የባለ ጺሞቹ ሥዕል ለግድግዳ ሆነ። ጎረቤቴ ንግሥቴ መፈክር የተጻፈበትን ቀይ ጨርቅ ወስዳ ለልጇ ሱሪ ሰፋችበት፤ ልጁ ዞር ሲል መቀመጫው ላይ «ወደፊት» ይላል። ሣሩን ግን ማንም አልነካውም። ከተሜው ከብት የለው፤ ገጠሬው ወደየቤቱ ሄዷል።

በዓሉን ይመሩ ወደነበሩት ወደ ጓድ ክንፈ ሄድኩ።

«ጓድ፣ ሣሩስ ምን ይሁን?»

«አቃጥይው።»

«ለከብት ቢሆንስ?»

«ጓዲት፣ ነገ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል። ቆሻሻ እንዳላይ። አቃጥይው ብያለሁ!»

ወረቀቱን ሰብስቤ ለኮስኩት። ጢሱን አይተው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሣሩን ግን ከጠርሙስ ስባሪና ከሲጋራ ቁራጭ ለይቼ ከመርኩት። አሻግሬና ጎረቤቱ ጀብሪል በአህያ እያመላለሱ ወደ ቀያቸው ወሰዱት፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

አሻግሬና ጀብሪል መቀናጆ ነበሩ። አንዱም አንድ በሬ፣ ሌላውም አንድ በሬ ነው ያለው፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። ወንድሜ ክርስቲያን፣ ጀብሪል እስላም ነው። ይህ ለእርሻው ምንም አልነበረም፤ ለሥጋ ብቻ ነበር። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ሌላ ሌላውን ሁሉ አብረን ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን።

በሬዎቹ ሣሩን አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። የናፍጣ፣ የጠላና የጫማ ቀለም ሽታ ይዞ ነበር። «እዩልኝ፣ አጥንታቸው ወጥቶ ይጠየፋሉ!» አልኩ። ጀብሪል ግን ሣሩን ወንዝ ወስዶ አጠበው፤ አሰጣው፤ ጨው በጥብጦ ረጨበት። ያኔ በሉ።

ሲደርቅ ግን ክምሩ አነሰ። ጀብሪል ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ይኸ ካንድ በሬ አያልፍም» አለ። «ላንዱ ከሆነ እስከ በልግ ያደርሰዋል። ከተካፈሉት ሁለቱም ጥር ሳይገባ ይወድቃሉ።»

አንዱ መታረድ ነበረበት። በሬው የታረደበት ቤት ሥጋ ይበላል። የሌላው ቤት ሣሩንና በሬውን ይዞ በልግን ይጠብቅና፣ ሲዘንብ የሁለቱንም ማሳ ያርሳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ያን ቀን ለኔ ቀላል መስሎኝ ነበር።

«ያንተ ይታረድ» አለ አሻግሬ። «ልጅህ ይብላ።»

ጀብሪል ወደ ወንድሜ ቤት ውስጥ ተመለከተ። የወንድሜ ልጅ ሸጋዬ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ በረሃቡ መቆም ካቃታት ሰንብቷል።

«አብሽር አሻግሬ። የኔ ልጅ አራጌ ገና ይሮጣል። ያንተዋ ተኝታለች። ያንተ ይታረድ፣ ወላሂ ሌላ አልሰማም።»

ሚስቱ ሩቂያ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

አሻግሬ በስመ አብ ብሎ በሬውን አረደ። ሥጋው ቋንጣ ሆነ። ሸጋዬ በመጀመሪያ መረቁን፣ ቀጥላም ሥጋውን ቀመሰች። ጥቅምት ላይ ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ኅዳር ላይ ደጅ ወጣች። የጀብሪል በሬም ጨው የተረጨበትን ሣር እየበላ ቆየ።

ታኅሣሥ ላይ አራጌ መሮጥ ተወ።

ጀብሪል ዘንድ ሄጄ፣ «በሬውን እረደው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣው ግን አፌ ላይ እንጂ ሆዴ ውስጥ አልነበረም።

«እት አልታዬ፣ እንዴት አድርጌ? በሬው የኔ ብቻ ነው ወይ? አሻግሬ የሱን ያረደው ይኸን አምኖ ነው። እኔም ካረድሁ በልግ ሲመጣ ሁለት ቤት ይዘጋል።»

የቀየው ሼኽ ወሬውን ሰምተው፣ ችግር ነውና ልጁ የክርስቲያኑንም ሥጋ ይብላ ብለው ፈቀዱ። ቀደም ብሎ መጠየቅ ማናችንም አላሰብነውም ነበር። አሻግሬ የቀረችውን ቋንጣ በነጠላው ቋጥሮ እየሮጠ ወሰደ። ልጁ ግን መዋጥ አልቻለም። በማግስቱ ቀበሩት። ቀብሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን ባሸው ባሸው ደረቅ ነው። ከከተማ አብራኝ የመጣችው ንግሥቴ «ምነው እቴ፣ ድንጋይ ሆንሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ራሴን ፈራሁት።

የካቲት ላይ ዘነበ። እንደ ሌላው ዓመት ባይሆንም ዘነበ። ጀብሪል በሬውን እየነዳ መጣ፤ ከአማቹ ላም ለምኖ አጣምሯት ነበር። በላም ማረስ በኛ አገር ያሳፍራል፤ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የመጣው ወደ ራሱ ማሳ አልነበረም፤ ወደ ወንድሜ ነው።

አሻግሬ ከቤት መውጣት አቃተው። ጓዳው ውስጥ ቆሞ ምሰሶውን ይዞ ቀረ።

«አሻግሬ! ና እንጂ ያገሬ ልጅ፤ ዝናቡ አይጠብቀንም!» አለ ጀብሪል ከውጭ።

ወጣ። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጠመዱ። አንዱ እርፉን ያዘ፣ አንዱ ላሟን መራ።

ሩቂያ ዘር ይዛ ተከትላ መጥታ ነበር። ሸጋዬ ከሞፈሩ ኋላ እየሮጠች ሥር ትለቅማለች፤ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትስቃለች። ሩቂያ ቆማ ታያታለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል እንዲህ አለችኝ፦

«እት አልታዬ፣ ያን ሣር ባታመጪው ኖሮ እኮ ሁለቱንም አርደን ነበር።»

ቁጣ የለበትም አነጋገሯ። ስታስበው የከረመችውን ነው የተናገረችው። ልክ ነበረች፤ ሣሩን ባቃጥለው ኖሮ ሁለቱም በሬ ይታረድ፣ አራጌም ይበላ ነበር። ይህ ማሳም ጦሙን ያድር ነበር።

ክረምቱ ከከዳን ጀምሮ ጠፍቶብኝ የቆየው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ዘፍ ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሩቂያም የዘሩን ቁና አስቀምጣ፣ ትከሻዬን ይዛ እኔን ታባብለኝ ጀመር።