የአናጢው ጣራ

አናጢው ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሰነፈው እግራቸው መለስ አለላቸው፤ የዕቃ ስም ግን ከአፋቸው እንደወጣ ቀረ። ሐኪሙ «አእምሯቸው ደህና ነው፤ የጠፋባቸው ቃል ብቻ ነው» ብሏል። ለልጆቻቸው ይህን ማመን ቀላል አልነበረም።

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋልና፣ አሳንሰር ጠጋኙ ልጃቸው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ ወስዶ አስቀመጣቸው። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ልቡ ሰፊ ነው። ታዲያ አንድ ሰሞን ሽማግሌው «ጣራ! ጣራዬ!» ማለት አበዙ። ጫማቸውን ያጠልቁና በሩን ይታገላሉ። ልጁ ክው አለ። ከሕንፃው አናት ላይ ወጥተው ራሳቸውን ሊጥሉ ነው ብሎ የበረንዳውንም የደጁንም በር ቆለፈ። ለታላቅ እህቱም ደወለ።

«እትዬ፣ አባባ ‹ጣራ፣ ጣራ› እያሉ ጭራሽ ለይቶላቸዋል። የአረጋውያን መጦሪያ እንፈልግላቸው ይሆን? ሥራ ብሄድም ልቤ እዚሁ ነው የሚቀረው።»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ከክፍል ስወጣ እመጣለሁ።»

እህቱ የላቲን መምህርት ናት። ተማሪዎቿ «ይሄ ቋንቋ ሞቶ ቀባሪ ቢያጣ ነው እኛ ክፍል የመጣው» እያሉ ያሾፉባታል። የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ዘይቤ ነበር። ልቧ አባቷ ዘንድ እንዳለ ሰሌዳው ላይ አንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ቃል በቃል ሲፈታ «ወታደሩ የአባቱን ጣራ ናፈቀ» ይላል።

ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህርት፣ ጣራውን ብቻ ናፍቆ ግድግዳውን ለማን ተወው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህርቷም ሳቀች።

«አንቺስ ‹ስንት አፍ ነው የሚጠብቀው› ስትዪ፣ ሰዎቹ ሆድ የላቸውም? ከፊሉን ጠርተሽ ሙሉውን ሰው ማለትሽ ነው። ሮማውያንም ‹ቴክቱም›፣ ጣራ፣ ሲሉ ብዙ ጊዜ ቤት ማለታቸው ነው። ወታደሩ የናፈቀው ቤ...»

ቃሉ አፏ ላይ ደረቀ። ተማሪዎቹ ተያዩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ጠመኔውን አስቀምጣ። «የቀረውን ነገ እንቀጥላለን።»

ስትደርስ አባቷ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሟ ቁልፉን ጨብጦ በሩን ተደግፏል። ከፊታቸው ተንበረከከች።

«አባባ፣ ጣራ የሚሉት ቤትዎን ነው? በእጅዎ የሠሩትን፣ ከእማማ ጋር የኖራችሁበትን?»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን አፈፍ አደረጉና «እሰይ!» አሉ። «እሰይ! እሰይ!» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ልጁ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣለው። «ወይ ጉድ! ቤቴ ውሰዱኝ በሚሉት አባቴ ላይ ነው የቆለፍኩት?»

«ፈርተህ ነው» አለችው እህቱ። «ማን ይፈርድብሃል?»

እሱ ግን አባቱ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው ራሱን በቀስታ መታ አደረጉትና «አንተ ደደብ!» አሉት፤ ጥርት አድርገው። ስም ሁሉ ሲጠፋ ስድቡ ለካ ቦታው ላይ ነበር። ሦስቱም እያለቀሱ ሳቁ።

በማግስቱ ወሰዷቸው። በሩ በእርጥበት አብጦ አልከፈት ሲል፣ ሽማግሌው ልጆቻቸውን ገለል አድርገው በትከሻቸው ገፋ፣ ከታች በእግራቸው መታ አደረጉት፤ ተከፈተ። ገብተው ቀና ብለው እያንዳንዱን የጣራ ማገር አዩ። ብቻቸውን መኖር ስለማይችሉ መምህርቷ የተከራየችውን ክፍል ለቃ እሳቸው ዘንድ ገባች፤ ወንድሟም እየተመላለሰ ይረዳታል።

ኑሮው አልጋ በአልጋ አልሆነም። የጠፋው ቃል አልተመለሰም፤ አንዳንዴ የሚሉት ሳይገባት ቀርቶ ሁለቱም ይኮራረፋሉ። አንድ ጠዋት «ጥርስ፣ ጥርስ» አሏት። ማበጠሪያ አመጣችላቸው፤ በቁጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹካ አመጣች፤ ጭራሽ ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት አሰበችና መጋዙን ከጓዳ አወጣችላቸው። ሽማግሌው ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያም የዘመመውን መስኮት ለማቃናት ጣውላ መምረጥ ጀመሩ።