ሦስተኛው ጠርሙስ

ጠርሙሱ ባዶ መቅረቱን ጤናዬ ልብ ያለችው ልጇ ፈተና ከገባች በኋላ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ዝናቡ የኮሌጁን ቆርቆሮ ይደበድባል። እሷም እንደ ልማዷ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሁሉ በየተራ ታስባለች። መብረቁ በኤሌክትሪክ ሽቦ ገብቶ ኮምፒውተሩን ቢመታስ? ልጇ ትንቢት ሹራቧን አውልቃ ብርድ ቢገባትስ? ሲመለሱ ባጃጁ ቁልቁለቱ ላይ ቢንሸራተትስ? ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጣውም እሱ ሆነ።

ቀድማ ጨርሳ የወጣች መቅደላዊት የምትባል ተማሪ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፈተናው ከበደ እንዴ ልጄ?» አለቻት ጤናዬ።

«አይ፣ ቀላል ነው። የሚያሳስተው አንዱ ብቻ ነው። ሀ እና ለ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጥር የሚይዙ ስሞች ናቸው። ‹ለ የሀን ቁጥር ይያዝ› ሲባል ሰው ሀ ባዶ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም እኮ! ቁጥሩ ለ ላይም ይጻፋል፣ ሀ ላይም እንዳለ ይቆያል።»

«እንዳለ ይቆያል?»

«አዎ። ምነው እትዬ፣ አመመዎት?»

አላመማትም። ትናንት ማታ ያደረገችው ትዝ ብሏት ነው። ትንቢት ከተሰጣቸው መለማመጃ ወረቀት ላይ ያንን መስመር ደጋግማ እያነበበች አልገባ ሲላት፣ «ይኼማ ምን አለው፣ የእኛው ሥራ ነው» ብላ ከሱቋ የኑግ ዘይት አመጣች፤ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው አንቆረቆረች። «ይኸው፣ የሀ ወደ ለ ሄደ» አለች። ልጅቷ ፊቷ በራ። ጤናዬም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴ ዛሬ ጠቀመኝ ብላ ኮራ ብላ ተኛች። የመጀመሪያው ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ቆሞ ነበር። ማንም አላየውም።

ተነሥታ በሩን አንኳኳች። ጥበቃው ጋሽ ወልደ ገብርኤል ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«እታለም፣ ፈተና ላይ ናቸው።»

«አንድ ቃል ብቻ ልንገራት።»

«ፈተና የሚሰረቀውም በአንድ ቃል ነው» አሉና ወደ ወንበሯ መለሷት።

ነገሩ ተራ ፈተና ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቀች። መሳፍንት የሚባል የኮሌጁ መምህር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነክተው የማያውቁ ሰዎች እንዴት እንደሚማሩ ያጠናል። ለዚህም ከደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ሰብስቦ ክረምቱን በነፃ ሊያስተምር ነው። የሚማረው ግን ሁሉም አይደለም፤ የሚለየው ዛሬ ነው። ትንቢት ኮምፒውተር የላትም፣ የሚያስተምራትም የላትም። ይህ ካመለጣት ክረምቱን የምታሳልፈው ሱቁ ውስጥ ከዘይት ጀሪካን ኋላ ቆማ ነው።

ወደ ማታ ሲሆን መሳፍንት ክረምቱን የሚማሩትን ስም ጠራ። ትንቢት የለችበትም። የተጠሩት እየተሳሳቁ፣ ያልተጠሩት አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ትንቢት ብቻ ከወንበሯ አልተነሣችም። ጤናዬ ገባች።

«ወድቃለች ማለት አይደለም፣ እናቴ» አለ መሳፍንት ላፕቶፑን እየዘጋ። «ይህ ፈተና ፕሮግራም መጻፍ የሚሆንለትንና የማይሆንለትን ይለያል ብዬ ነው የተነሣሁት። የማይሆንለትን ሰው ክረምቱን ሙሉ ማድከም ደግሞ ግፍ ነው።»

የማይሆንለት! ይህችን ቃል ጤናዬ ታውቃታለች። የራሷ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ጊዜ፣ ባደገችባት ቁይ፣ ርእሰ መምህሩ ትምህርት አይሆንልሽም ብሏት ነበር። እሺ አለች። እሺ ብላ ወደ ከተማ ወጣች፣ እሺ ብላ ዘይት ስትሸጥ ይኸው ልጅ አደረሰች። አሁን ግን አፏ ለብቻው ተናገረ።

«እሺ አልልም።»

«ምን አሉኝ?»

«እሺ አልልም አልኩ! ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። በዘይት ነው ያስተማርኳት፤ ሲያንቆረቁሩት ጠርሙሱ ባዶ ይቀራል። የእርስዎ ቁጥር ለካ ባለበት ይቆያል። እኔን ይጣሉኝ፣ እሷን ደግመው ይፈትኗት።»

መሳፍንት ሳቅ አመለጠው፤ ቶሎ ዋጠው። «ለሌሎቹ አልደገምኩም። ለእሷ ብደግም ጥናቱ ይበላሻል።»

«ጥናትዎ ጀማሪ እንዴት እንደሚማር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የሚሳሳተውን አባረው ማንን ሊያጠኑ ነው ታዲያ? የሚያውቀውን?»

በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሳላቸው መጣ። ሳል አይመስልም ነበር።

ትንቢት ይኼኔ ቀና አለች። «መምህር፣ መልሶቼን አንዴ ይዩልኝ። ሁሉም ስሕተት ነው፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። አንድም ቦታ የሰጠውን ባዶ ማድረግ አልረሳሁም።»

መሳፍንት ላፕቶፑን መልሶ ከፈተ። መልሶቿን አንድ በአንድ አያቸው።

«እውነትሽን ነው፤ አላወላወልሽም» አለ።

«አሁን እንደማይፈስ ገብቶኛል። ሌላ ጥያቄ ይስጡኝ።»

«ዛሬ አይሆንም። በሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ይዘጋል» አሉ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ።

ጤናዬ ሄዳ የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለአንዱ መቃን ሰጠች፣ እግሯን ወደ ሌላው ዘረጋች፣ ነጠላዋን ሰብስባ ያዘች።

«እንግዲህ ዝጉት።»

ልቧ አላረፈም። ፖሊስ ይጠራሉ፣ የልጅቷን ስም በየኮሌጁ ያጠፋሉ፣ ሱቁም ይታሸጋል እያለ ይዘረዝርላታል። አልተነሣችም።

«እታለም ተነሺ፣ ብርዱ ይገድልሻል።»

«ይግደለኝ።»

«እዚህ በር ላይማ አይሆንም! ተጠያቂው እኔ ነኝ!»

መሳፍንት መስኮቱን አየ፣ መድረኩን አየ፣ ልጅቷን አየ። «ይሁን» አለ። «ሀ ሰባት ይዟል፣ ለ ሦስት ይዟል። ቁጥራቸውን አለዋውጪ።»

ትንቢት ላፕቶፑ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ሀ የለን ቁጥር ይያዝ፣ ለ የሀን ቁጥር ይያዝ። አስኬደችው። ሁለቱም ሦስት፣ ሦስት ሆነው ወጡ።

«አየሽ» አለ መሳፍንት ቀስ ብሎ። በክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

የልጅቷ ትከሻ ሲወርድ ጤናዬ ከመድረኩ ሆና አየች። የፈራችው ደረሰ። ነዪ እንሂድ ልትል አፏን ከፈተች፤ ትንቢት ግን አልተነሣችም። ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ከራሷ ጋር ታወራለች።

«ሰባቱ ጠፋ። ሦስቱ መጥቶ ላዩ ላይ ተጻፈበት... ለ መጥቶ ሲፈልገው የለም።» ድንገት ዞረች። «እማዬ፣ የኑጉንና የሱፉን ዘይት በተሳሳተ ጠርሙስ አድርገን ስናገኘው ምንድን ነው የምናደ...»

«አይንገሯት!» አለ መሳፍንት እጁን ዘርግቶ።

ጤናዬ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ደግሞ ልታሳስታት? ዓይኗንም ጨፈነች፣ በዓይኗ እንዳትነግራት።

«ተወው፣ ገባኝ» አለች ትንቢት።

ሰባቱን ለጊዜው የሚይዝላት ሦስተኛ ስም ጨመረች፤ ስሙንም «ጠርሙስ» አለችው። ጠርሙስ የሀን ይያዝ፣ ሀ የለን ይያዝ፣ ለ የጠርሙስን ይያዝ። አስኬደችው። ሀ ሦስት፣ ለ ሰባት።

ውጭ ዝናቡ አባርቶ ነበር።

«ከዘይቱ አልወጣሽም እኮ» አለ መሳፍንት።

«አልወጣም። አሁን ግን የት ላይ ዘይት እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

መምህሩ ጺሙን አሻሸ። ያቺን «የማይሆንለት» ያላትን ቃል እየደጋገመ በሆዱ የሚያላምጥ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። «ውጤትሽን ግን አልቀይረውም። ፈተናው ያለውን ብሏል፤ እኔም ደስ ስላለኝ ብቻ ጥናቱ ውስጥ ልቆጥርሽ አልችልም።»

«አይቁጠሯት!» አለች ጤናዬ ከመድረኩ። «ማን ይቁጠሯት አለዎት? ያስተምሯት ብቻ።»

«ለሌሎቹ ላልተጠሩት ምን እላለሁ?»

«እነሱም እናት አላቸው፤ ይመጣሉ።»

«ኧረ በጌታ!» አሉ ጋሽ ወልደ ገብርኤል። «ለዚያ ሁሉ እናት አንድ በር አይበቃም። ይማሩና ይገላግሉን።»

መሳፍንት ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ተመለከተ። «ወንበርማ ሞልቷል» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። ከዚያ ወደ ትንቢት ዞረ። «ሰኞ ጠዋት ነው የምንጀምረው። እንዳታረፍጂ። ካልተጠሩት የምታውቂያቸው ካሉም ንገሪያቸው።»

ትንቢት አመስግና ተነሣች። ከዚያ ሹራቧን አወለቀችና የተቀመጠችበትን ወንበር አለበሰችው፤ እጅጌዎቹንም ከኋላ አሰረቻቸው።

ጤናዬ አየች። ውጭው የክረምት ምሽት ነው፤ ዝናቡ ትቶት የሄደው ብርድ አጥንት ይገባል። ጉንፋን፣ ከዚያ የሳንባ ምች፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ... ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከመድረኩ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ልጇ ላይ ጣል አደረገች። ስለ ሹራቡ ምንም አላለችም።

ጋሽ ወልደ ገብርኤል መብራቱን ሊያጠፉ ገብተው ወንበሩን አዩ። «ልጅቷ ሹራቧን ረሳች።»

«አልረሳችም» አለች ጤናዬ። «እስከ ሰኞ ወንበሯን ይያዝላት። ይቆልፉት።»

ቁልፉ ዞረ። ጤናዬ አላመነችውም፤ እጀታውን ራሷ ይዛ ሳበችው፣ ገፋችው። በሩ ንቅንቅ አላለም።