በዝናብ የተሞከረው መስመር

"ተስማምቻለሁ ብለህ ፈርም እንጂ! በዚህ ፀሐይ ቆመህ ዝናብ ትጠብቃለህ?" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከጣሪያው መውጫ በር ላይ ሆኖ።

ቴክኒሻኑ አልፈረመም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቢሮ የአምቡላንስ ጥሪ ይቀበላል፤ እሱ ከቆመበት ሕንፃ ሥር ደግሞ ሾፌሮቹ አሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ መንገድ ሲቆፈር ተበጥሷል። አሁን በአየር ሊገናኙ ነው። ለሙከራ በሁለቱም ጣሪያ ላይ ሁለት ዓይነት አንቴና ተተክሏል፤ አንዱ እጅግ ፈጣን፣ ሌላው ቀርፋፋ ግን ዝናብ የማይበግረው። ለጊዜው የተከፈተው ፈጣኑ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ፈርም የሚለውም እሱ እንዲጸድቅ ነው።

"ፈጣኑ ከባድ ዝናብ አይችልም ይባላል። ልየው።"

"በቀርፋፋው ከበላዮቻችን ጋር በቪዲዮ ስንሰበሰብስ? ምስሉ ይቆራረጣል!"

"ሲቆጡ ፊታቸው አይታይዎትም፤ ግልግል ነው።" ቴክኒሻኑ ሲጨንቀው ነበር የሚቀልደው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ሲወርድ የማዶው ሕንፃ ከዓይን ጠፋ። ስልኩ ጮኸ፤ ማዶ ሆና ጥሪ የምትቀበለው ታናሽ እህቱ ናት።

"ጋሼ፣ መስመሩ ሞተ! ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ደም እየፈሰሳት ነው። ሾፌሮቹ ጋ አልገባ አለኝ!"

"ለእኔ ንገሪኝ።"

"ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር።"

ወደ ደረጃው ሮጠ። "ከዳቦ ቤቱ ጀርባ! አረንጓዴ በር! ምጥ ነው!"

"የትኛው ዳቦ ቤት?" አለ ከታች አንድ ሾፌር።

"እቱ፣ የትኛው?"

"የተዘጋው!"

"የተዘጋው!" ብሎ ጮኸ። የአምቡላንሱ ጩኸት ከግቢው ሲወጣ ተሰማ።

ሥራ አስኪያጁ የሚፈረመውን ወረቀት እንደገና ዘረጋለት። "ዝናብ እኮ ሁልጊዜ አይዘንብም። ሲያባራ መስመሩ ይመለሳል።"

"ሴትየዋ እስኪያባራ ትጠብቅ?"

"እኔ ወስኛለሁ። አልፈርምም ካልክ ሌላ ቴክኒሻን አላጣም።"

ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ፈጣኑን አንቴና ከምሰሶው ፈታው፤ ገመዱን ወደ ቀርፋፋው አዞረ። ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሶ የፈታውን አንቴና ሥራ አስኪያጁ እግር ሥር አስቀመጠ፤ የራሱን ስልክ ደግሞ በሰውየው እጅ ላይ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"የማዶውንም ፈትቼ ወደ ቀርፋፋው ላዞር። እስክጨርስ እህቴ ከደወለች፣ እርስዎ ይጩሁ።"