ቬርና የመረጠችው የድረሱልኝ መሣሪያ

ቬርና ሃልስተድ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። በኬቺካን ወደብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዓሣ መረብ ስትጠግን ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባዋን ብቻዋን እየቀዘፈች በደሴቶቹ መሀል ትዞራለች። ልጇ ሎሪን ይህን ነገር አትወደውም።

አንድ ቀን እናትና ልጅ የድረሱልኝ መሣሪያ ሊመርጡ የባሕር ዕቃ ነጋዴው ኦሪን መደብር ገቡ። ሎሪን ወዲያው አንዱን አነሳች።

«ይኼ ይሻላል፣ እማ። መልእክት ይልካል፤ የት እንዳለሽም በየአሥር ደቂቃው በስልኬ አያለሁ።»

«ላም ነኝ እንዴ ቃጭል የምታስሪብኝ?»

«እንግዲያው ቤትሽ ተቀመጪ!»

ቬርና ወደ ኦሪን ዞራ «በረዶ ያለበት ውሃ በባልዲ አምጣልኝ» አለችው።

«አበድሽ?» አላት ኦሪን።

«አምጣ ብያለሁ!»

እጆቿን ነክራ፣ ባሕር ውስጥ እንደሚሆኑት ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ቆየች። ከዚያ ለሙከራ የተቀመጡትን መሣሪያዎች አነሳች። የሎሪን ምርጫ ቁልፎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ጣቷ እየሳተ አስቸገራት። ሁለተኛው ለነፍስ አድን ጣቢያ የድረሱልኝ ምልክት ከመስጠት በቀር መልእክት የማይልክ ቢጫ ዕቃ ነበር። አንቴናውን በጥርሷ ስባ ዘረጋችው፣ ቁልፉንም በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ይኼ የቸገረኝ ቀን ብቻ ይጮሃል። ሌላ ጊዜ አያሳብቅብኝም» አለች።

«ደረትሽ ላይ እሰሪው» አላት ኦሪን። «ካያክ ላይ ካሰርሽው ጥሎሽ ይሄዳል።»

ቢጫው መሣሪያ በስሟ ሲመዘገብ፣ ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርጋ ሎሪንን አስጻፈች።

በመስከረም ድንገተኛ ማዕበል ገለበጣት። ነፋሱ ካያኩን ነጥቋት ሄደ። ቬርና አንቴናውን በጥርሷ ስባ ዘረጋችና ቁልፉን ተጫነች።

ከነፍስ አድን ጣቢያው ለሎሪን ተደወለ። «የእናትዎ መሣሪያ እየጠራ ነው፤ በስሕተት ተነክቶ ይሆን?»

«እናቴ?» ብላ ጮኸች ሎሪን። «እርዱኝ ከምትል ብትሞት የምትመርጥ ሴት ናት! ከጠራች ጠራች ነው፤ ሂዱ!»

የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከውሃው አወጣት።

ሎሪን ሆስፒታል በእናቷ አልጋ አጠገብ ቆማ «እንግዲህ አበቃ፣ አይደል?» አለቻት።

«ምኑ?»

«ባሕሩ ነዋ!»

«ባሕሩማ እዚያው አለ፤ የት ይሄዳል?»

ሎሪን በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ካያኩን ዓሣ አጥማጆች አግኝተው መለሱላት፤ ቬርና ስንጥቁን ደፈነችው። ልትወጣ በተነሳችበት ጠዋት ሎሪን ባሕሩ ዳር ቆማ ጠበቀቻት።

«ልከለክልሽ አልመጣሁም» አለች። «ግን እፈራለሁ፣ እማ። ይኼን እወቂልኝ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች ቬርና፣ መንሳፈፊያ ሰደርያዋን እየቆለፈች። «ፈርቼም እሄዳለሁ። በይ ካያኩን ከኋላ ግፊልኝ!»

ሎሪን እያጉረመረመች እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገባችና ገፋችላት።