ስድሳ አራተኛው ዋቢ

በመሥሪያ ቤታችን እትዬ ነጥብ ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ ተመራማሪዎቹ ናቸው። ጽሑፋቸው ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት የዋቢ ዝርዝሩን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ወረቀቱን መልሼ አስታቅፋቸዋለሁ። ደረቅ ናት ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የመጽሐፉ ርዕስ ዘንበል ባለ ፊደል፣ ዓመቱ በቅንፍ፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ካልሆነ ምሳ አይወርድልኝም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከተመራማሪዎቹ አንዱ፣ ወጣቱ ዶክተር፣ ስድሳ ሦስት ዋቢዎቹን ይዞ ቤተ መጻሕፍት መጣና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ጽሑፉ ስለ ዝናብ መዛባት ነው፤ ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። መጽሔቱ ተቀብሎታል፤ ግን ዋቢዎቹን በደንባችን አስተካክለህ እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ላክ ብሎታል። ዝርዝሩን ሳየው ወገቤን ያዝኩ። የአንዱ ዓመት ፊት ነው፣ የሌላው ኋላ፤ አንዱ ሰውዬ ደግሞ በሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ስም ተጽፏል። ዶክተርነቱን ማን እንደሰጠው ልጠይቀው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ዋጥ አደረግኩት።

አሠራሬ ቀላል ነው። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ምንጭ በተጠቀሰ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ፈልጌ በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ። ረቡዕ ጠዋት ላይ ከሁለተኛው ሠንጠረዥ በቀር ሁሉም ገጠመ። ሠንጠረዡ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የየወሩ ዝናብ ተደርድሯል፤ ከሥሩ ምንጭ የሚባል ነገር የለም። የመጽሔቱ አዘጋጅም ጠርዙ ላይ ጽፎበታል፦ ምንጩ የት ይገኛል? አንባቢ ሊያየው የማይችል ከሆነ ሠንጠረዡ ይውጣ። ሠንጠረዡ ከወጣ ደግሞ ከጽሑፉ የሚተርፍ ነገር የለም።

ዶክተሩን ጠርቼ ከየት አመጣኸው አልኩት። ዓይኑን ሰበር አድርጎ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ነው አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ የዝናብ መለኪያ እሱ ገና ተማሪ ሳለ እንደተበላሸ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ዝናቡን የለካው አትክልተኛችን ጋሼ ሚሊሜትር ነው። ማንም አላዘዘውም። አትክልቱን ውሃ የሚያጠጣበትን ቀን ለማወቅ ብሎ የጀመረው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመስታወት መለኪያውን ከፍ አድርጎ ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ በር ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ እንደምን አደርክ በማለት ፈንታ "ሰባት ሚሊሜትር" ይላል። ዶክተሩ ከደብተሮቹ ላይ የቁጥሩን ረድፍ ብቻ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወስዷል። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ "የአትክልት ክፍል ሠራተኞችን እናመሰግናለን" የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጓል። ተናደድኩ፣ አልደብቅም።

"ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል" አልኩት።

"እትዬ፣ ያልታተመ ደብተር እኮ ነው።"

የመጽሔቱን ደንብ አገላብጬ አሳየሁት። ያልታተመ መዝገብም ዋቢ መሆን ይችላል፤ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ የመዝገብ ቁጥር ካለው። ቁጥር የምሰጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ዶክተሩ ፊቱ በራ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ነገሩን ልብ ስላላለው ነው።

ተያይዘን ወደ አትክልቱ ወረድን። ጋሼ ሚሊሜትር ጽጌረዳ ይገርዛል። በደስታ ይዘላል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሰማንና መቀሱን ኪሱ ከተተ። ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ ገልብጡ፣ ደብተሮቹን ግን አልሰጥም አለ። ብንለምነው ብንለምነው ፍንክች አላለም። ዶክተሩ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ለእኔ ብቻ ምክንያቱን ነገረኝ። ለካ ከየቁጥሩ ጎን የቤቱን ነገር ሲጽፍ ኖሯል፤ ሕመሙን፣ ጠቡን፣ የልጁን ነገር። ዶክተሩ ፎቶ ሲያነሳም ጎኑን በወረቀት ከልሎበታል።

"እንኳን ሌላ ሰው፣ ባለቤቴም አላየችው" አለኝ።

በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። ደብተሮቹን ቤቱ ወስዶ ሣጥን ሊቆልፍባቸው ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድካሙም አብሮ ሊቆለፍበት። አንጀቴን በላው። ላስገድደው ግን አልፈለግኩም። የተጻፈው የእሷም ጉዳይ ስለሆነ ባለቤትህን አማክራት፣ እስከ ዓርብ ጠዋት እጠብቃለሁ ብዬው ተመለስኩ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ጋሼ ወደ እኔ አልመጣም። በመስኮት አየዋለሁ፤ ቀና ብሎ አያየኝም። ስድሳ ሦስቱን አንድ በአንድ አስተካክዬ ጨረስኩ፤ እንደ ወትሮው ግን ደስ አላለኝም።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ቀይ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት ትልቅ ዘንቢል ይዛ ገባች። ከኋላዋ ጋሼ ሚሊሜትር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ መሬት መሬት እያየ ይከተላል። ባለቤቱ ናት። ደብተሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችና አንዱን፣ ምልክት ያስገባችበት ገጽ ላይ ከፈተችልኝ።

"አሥራ ሁለት ሚሊሜትር። እናቷ ቤት ሄደች። ጥፋቱ የኔ ነው። ካልመጣች ምን ይውጠኛል" ይላል። በማግሥቱ ደግሞ፦ "ዜሮ። መጣች።"

ረቡዕ ማታ ደብተሮቹን ወስዶ ሰጥቷት፣ ከዚያ ጀምራ የቤት ሥራዋን ሁሉ ትታ ስታነብ ከርማለች።

"ከዚህ ሰውዬ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ብሎኝ አያውቅም" አለች። "እዚህ ግን በገዛ እጁ ጽፎታል። ይመዝገብልኝ።"

ሳቄ መጣ። ደብተሮቹ ግን የጋሼ ናቸውና አንተስ ምን ትላለህ አልኩት። ልጁ ታማ ስለነበረችበት ሰሞን የጻፋቸው ሁለት ገጾች ብቻ ይሸፈኑልኝ አለ። በወረቀት ሸፍኜ፣ ጠርዙን አሽጌ፣ ማህተም መታሁበት። ለመዝገቡ ሙሉ ስሙን ጠየቅኩት። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ የአባቱን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ አፈርኩ።

ስሙ በፊደል ተራ ሲገባ በሁለት ፕሮፌሰሮች መካከል ወደቀ። ዶክተሩ ተጠርቶ መጥቶ ከወንበሬ ኋላ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበለት፦ ስሙን፣ የዕለት ዝናብ መዝገብ፣ ያልታተመ፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ቁጥሩን። ከዚያ ይቅርታ ጋሼ አለው፤ ያችን የምስጋና መስመርም በጋሼ ስም አድርጎ እንደገና ጻፋት።

ዓመቱ ብቻ ቀረ። ያለቀ መዝገብ ከሆነ የተጀመረበትና ያበቃበት ዓመት ይጻፋል፤ ያላለቀ ከሆነ የተጀመረበት ዓመት ተጽፎ፣ ሰረዝ ተደርጎ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ክፍት ይተዋል።

"ጋሼ፣ በዚህ ወር ጡረታ ትወጣለህ። የመጨረሻውን ዓመት ልጻፈው?"

ሰረዟን አተኩሮ አያት። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረ።

"ቤታችን ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው" አለች እሷ። "ጠዋት ጠዋት ቤት ተቀምጦ እኔን ሊያዘኝ ነው? መጥቶ ይለካ እንጂ።"

ክፍት ተውኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ላክነው።

ሃያኛውን፣ የዘንድሮውን ደብተር አልመዘገብኩበትም፤ እጁ ላይ ነው። የዕለቷን ቁጥር ጠዋት ጽፏታል፤ ጎኗ ባዶ ነበር። እርሳሴን ተዋሰኝና እንደ ልማዱ በግራ እጁ ከልሎ ጻፈ። ባለቤቱ አንገቷን አሰገገች። ትንሽ አመነታና እጁን አነሳ።

"አራት ሚሊሜትር። ስሜ ገባ። ባለቤቴ አብራኝ ነበረች" ይላል። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የለውም። አየሁት፤ ምንም አላልኩም።